የድሬዳዋ ፍየልና ሳይቀምሱ ያስተማሩኝ ባለሙያ

ባለፈው ወር ድሬዳዋ ሰንብቼ መጣሁ። የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። የዛሬ አርባ ዓመት አከራዬ የነበሩ እናት ምግብ እምቢ ማለታቸውን ልጃቸው በስልክ ነግራኝ ነው። «ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ማድ ቤት አትገባም። ሌላ ሰው የሠራውን ደግሞ ሁለት ሦስት ጉርሻ ቀምሳ ትገፋዋለች» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚይዘኝ ሥራ የለም፤ ልጆቼም ራሳቸውን ችለዋል። በማግስቱ ትኬት ቆረጥኩ።

በእኔ የወጣትነት ዘመን ወደ ድሬ የሚወስደው ባቡር የሚነሳው ከመሐል ከተማ፣ ከለገሀር ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሄደው የአሁኑ ባቡር ግን ከከተማው ዳር፣ ከለቡ ነው የሚነሳው። የድሮው በየጣቢያው እየቆመ፣ ብርቱካንና የተቀቀለ እንቁላል በመስኮት እያስገዛን ያዘግም ነበር። አዲሱ ፈጣን ነው፤ በመስኮት የሚገዛ ነገር ግን የለም። ስንቄን ይዤ፣ መስኮት ዳር ተቀምጬ ሞጆን፣ አዳማን፣ መተሐራን አለፍን።

ከአዋሽ በኋላ አገሩ ይለወጣል። ሣሩ ያንሳል፣ ግራሩ ይበዛል፤ በየጥሻው የሚታየውም ፍየል ነው። ፍየል በኋላ እግሯ ቆማ የግራር ቅጠል ስትቀነጥስ ማየት ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። በግ አንገቱን ደፍቶ ሣር ይግጣል፤ ፍየል ቀና ብላ ቅጠል ትለቅማለች። የሁለቱ ልዩነት ድስት ውስጥም ይታያል። ፍየል ስቧን በብዛት የምታስቀምጠው በሆድ ዕቃዋና በኩላሊቷ ዙሪያ እንጂ በሥጋዋ መሐል አይደለም። ስለዚህ ሥጋዋ ስብ ያነሰው ቀይ ነው። በችኮላ እሳት ላይ ከጣሉት ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ብዙ የደጋ ሰው «የፍየል ሥጋ አይጥመኝም» የሚለው ፍየሏ በድላው ሳይሆን እንደ በግ ስለሚያበስላት ነው። እኔም ከእነዚያ አንዷ ነበርኩ።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲዘልቅ ነበር የታሰበው። ተራራው አልመች ስላለ ሐዲዱ ከሥሩ ቀረና በ1895 ዓ.ም. ይህች ከተማ ተቆረቆረች። ስሟም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ ወዲህ የዛፍ ጥላ ያላቸው ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሏት ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። ይኸው ደረቅ ወንዝ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ይዞ ሄዷል። ያኔ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ የአከራዬ ድምፅ በስልክ እስኪሰማ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም።

በ1974 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ድሬ ስመደብ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን፣ በብርድና በበግ አገር ነው። እኛ ዘንድ ፍየል የሚታረደው በግ ሲጠፋ ነበር። መጋላ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬን በአካባቢው ልማድ «አዴ» እላቸው ነበር። አንቱ ስላቸው ይስቁብኝ ነበር፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም። ልጁም አዋቂውም «አንቺ ሲስተር» ነበር የሚለኝ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ በኋላ ግን የፍቅር መሆኑ ገባኝ። እኔ ግን ያሳደጉኝ ወላጆቼ ናቸውና አዴን እስከ ዛሬ አንቱ እንዳልኳቸው አለሁ።

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» እንዲሉ፣ በመጣሁ በሳምንቴ ግቢውን ሁሉ ማስተማር ጀመርኩ። ውሃ አፍሉ፣ የፍየል ወተት ሳይፈላ አትጠጡ፣ ሥጋ በደንብ ይብሰል። አዴ ዝም ብለው ሲሰሙኝ ከቆዩ በኋላ፣ «አቦ ሲስተር፣ እሺ፤ ሥጋ እንዲህ አድርጎ መግደልን ግን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከክፍሌ በር ላይ የጣድኩት ፍየል በኃይለኛ እሳት እየተንተከተከ፣ ጠረኑ ግቢውን ሞልቶት፣ ሥጋው ግን ጥርስ የሚነቅል ነበር።

አዴ ሙስሊም ናቸው፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። አንባቢ እንደሚያውቀው አንዳችን የሌላውን ሥጋ አንበላም። በዚህ የተቀያየመ የለም፤ ያሳደገን ሥርዓት ነው። በግቢው ውስጥ ሁለት የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ጭልፋ ነበረን። ሽንኩርቱን፣ ሎሚውን፣ ጨውና ከሰሉን እንበዳደራለን፤ ጭልፋ ግን አይሻገርም። እንዲህ ሆነን ነው እንግዲህ አዴ የፍየል ሥጋ አሠራር ያስተማሩኝ። የራሳቸውን ድስት ከአጠገቤ ጥደው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በዓይን፣ በጆሮና በአፍንጫ ብቻ። የእኔን ድስት አንድ ቀን እንኳ ሳይቀምሱ።

የመጀመሪያው ትምህርታቸው ምርጫ ነበር። «ወጠጤ አትግዢ፤ ጠረኑ ከሥጋው አይወጣም» ይሉኝ ነበር። ለጥብስ ለጋ ፍየል፣ ለመረቅ የበሰለች ሴት ፍየል፣ ገንዘብ ካለ ሙክት። ሲገፈፍ ቆዳውን የነካ እጅ ሥጋውን እንዳይነካ፣ ጠጉሩ ሥጋው ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ ነው። ከጠረኑ ብዙው የሚመጣው ከዚያ ነው። ሥጋው ላይ ጠጉር ካረፈበት በሎሚና በጨው አሽተው ያጥቡታል። (ለዛሬ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥሬ ሥጋ ስታጥቡ ውሃው ሰላጣና ዳቦ ላይ እንዳይረጭ፣ መክተፊያውንም በሳሙና እጠቡት።)

ሁለተኛው እሳት ነው። ለስድስት ሰው ሁለት ኪሎ አጥንት ያለው ሥጋ፤ አንገት፣ ትከሻና ጎድን። በቀዝቃዛ ውሃ ይጣዳል፤ ውሃው ሥጋውን ሸፍኖ አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል። መፍላት ሲጀምር የሚወጣውን አረፋ በጭልፋ እየገፈፉ መጣል ነው። አረፋው ሲጠራ ከሰሉን መቀነስ። «የሚጮህ ድስት ሥጋ ያደርቃል፤ ማንሾካሾክ ነው ያለበት» ይሉኝ ነበር። አስተማሪዎቼ ያላስተማሩኝን ኬሚስትሪ ነው ያስተማሩኝ። የሥጋ ጅማት በኃይለኛ ሙቀት ይኮማተራል፤ በዝግታና በጊዜ ግን ይሟሟና መረቁን ያወፍረዋል። ከዚያ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ አምስት ስድስት ፍሬ ሄል፣ ሦስት ቅርንፉድ፣ አንድ እንጨት ቀረፋ ይገባል። ሄል ከሌለ ኮረሪማ ይሆናል። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ መረቁ እየመነመነ ሲሄድ ጨውም እየበረታ ስለሚሄድ።

ሦስተኛው ሽታ ነው፤ ይህ በጽሑፍ ለማስተላለፍ ይከብዳል። መጀመሪያ የሚመጣው የፍየሏ ጠረን ነው። ያኔ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ መተው። ከዚያ የሽንኩርቱና የቅመሙ ይመጣል። በመጨረሻ ሁሉም ተዋህዶ ለስለስ ያለ፣ አጥንት አጥንት የሚል ሽታ ይሆናል። አዴ ከበርጩማቸው ሳይነሱ «አሁን ፍየሏ ሄደች፤ ሥጋው ቀረ» ይሉኛል። ክዳኑን ስከፍት ሥጋው ከአጥንቱ ጫፍ ሸሽቶ፣ ሹካ ሲነካው ይለቃል። ሥጋውን አውጥቼ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በትንሽ ዘይት መለስ መለስ አደርገዋለሁ፤ በተጠለለው መረቅ ደግሞ ሩዝ ይበስላል፤ ለአንድ ብርጭቆ ሩዝ ሁለት ብርጭቆ መረቅ። ከላይ ሎሚ ይጨመቃል። የድሬ ሙቀት ውስጥ ያለ ሎሚ አይበላም።

በ1977 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። እናቴ ደብረ ብርሃን ታማ ስለነበር መምጣት አልቻለችም። አዴ የአራስ መረቅ ከድስታቸው ሊያቀርቡልኝ እንደማይችሉ ያውቃሉ። ታዲያ ምን አደረጉ? በራሳቸው ገንዘብ ፍየል ገዝተው ግቢ ውስጥ አሰሩ፤ ክርስቲያን ጎረቤታችንን ጠርተው አሳረዱ፤ የጎረቤታችንን ሚስት ምድጃዬ ላይ አስቀመጡና እሳቸው በርጩማቸው ላይ ሆነው ከጠዋት እስከ ቀትር «ቀንሺ፣ ግፈፊ፣ ክደኚ» እያሉ አሠሩ። አሥር ቀን ያንን መረቅ ጠጣሁ። እሳቸው የገዙትን ፍየል አንድ ጉርሻ አልቀመሱም።

በ1979 ዓ.ም. ባለቤቴ አዲስ አበባ ተዛወረና ተከተልኩት። የመጀመሪያ እሁድ ፍየል ልጋብዘው ብዬ አዴ እንዳስተማሩኝ ሠራሁ። በድሬ ሁለት ሰዓት የሚበቃው ሥጋ በአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ቢፈላም አልላላ አለ። ፍየሏን ተራገምኩ። በኋላ ነው ከሥራዬ ጋር ያገናኘሁት። የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት በምንቀቅልበት አውቶክሌቭ ያለ ምክንያት አይደለም ክዳኑ የሚታሰረው። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በ2,400 ሜትሯ አዲስ አበባ ግን በ92 ገደማ ይፈላል። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ለጠንካራ ሥጋ ግን አንድ ሰዓት ናት። ስለዚህ የደጋ አንባቢዎቼ፣ ወይ ሦስት ሰዓት ተኩል ታገሱ፣ ወይ በእንፋሎት ማብሰያ ድስት ከአርባ እስከ ሃምሳ ደቂቃ አብስሉ። አረፋውን ግን ክዳኑን ከማሰራችሁ በፊት ግፈፉ።

ወደ ባለፈው ወር ጉዞዬ ልመለስ። አዴ ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል። በር ላይ ስደርስ በድምፄ ለዩኝ። «አንቺ ሲስተር፣ ወፈርሽ መሰለኝ፤ አረማመድሽ ከበደ» አሉኝ። እጃቸውን ስይዘው ግን አጥንት ብቻ ሆኖብኝ ልቤ ተሰበረ። የነርስ ዓይን ጡረታ አይወጣም፤ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል፣ ጥርሳቸው ሳስቷል፣ መድኃኒታቸውን አየሁ፤ የደም ግፊት ነው። ሐኪም ጨው ቀንሱ ብሏቸዋል። ልጃቸው ደግሞ ፈርታ ጨውም ቅመምም ሥጋም አስቀርታ ስስ አጥሚት ስታቀርብላቸው ከርማለች። በአዛውንት ላይ ይህ ስህተት በየቤቱ ነው። ጨው መቀነስ ማለት ጣዕም ማጥፋት አይደለም። በስተርጅና ደግሞ ሰውነት ገንቢ ምግብ ሲያጣ ጡንቻ ይከሳል፤ ጡንቻ ሲከሳ መውደቅ ይመጣል።

ያን ሌሊት አንድ ነገር ከነከነኝ። ለአዴ በሕይወቴ አብስዬላቸው አላውቅም። ሥጋው ካልተሻገረ ምግቡም አይሻገርም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። የሚከለክለው ግን አራጁ እንጂ አብሳዩ አልነበረም። ሥጋው የእሳቸው፣ ድስቱ የእሳቸው፣ ጭልፋው የእሳቸው ከሆነ የእኔ እጅ ምን ይከለክለዋል? ይህን ለማሰብ አርባ ዓመት ፈጀብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከልጃቸው ጋር በባጃጅ ወደ ከብት ገበያ ሄድን። ወጠጤዎቹን አልፈን አንዲት ለጋ ሴት ፍየል መረጥን። የሠፈሩ ሰው ቢስሚላሂ ብሎ አረደልን። የሆድ ዕቃው ሲወጣ ጉበቱንና ሳንባውን ገልብጬ አየሁ። ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ለውሻ አይጣልም፤ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ውሻው ያንን ሲበላ ትል ይይዘዋል፣ እንቁላሉም በዓይነ ምድሩ ይወጣና በእጅ፣ በውሃና ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ጉበት ይደርሳል። የፍየል ዱለት ለብ አድርገው ለሚበሉም የምነግረው ያው የድሮውን ነው፤ በደንብ ይብሰል። ያልፈላ የፍየል ወተትም እንዲሁ። በሥራ ዘመኔ ወባ ነው ተብሎ ሲታከም የከረመ፣ መገጣጠሚያ የሚቆረጥም፣ ሄድ መለስ የሚል ትኩሳት ብሩሴሎሲስ ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ።

ከዚያ ወደ ቀፊራ ገበያ ጎራ ብለን ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ሄልና ቃሪያ ገዛን። ልጃቸው በመንገድ ላይ «ፍየል የማትበላው ቅጠል ስለሌለ ሥጋዋ መድኃኒት ነው ትላለች እማ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቅጠሉ ወደ ሥጋው ገብቶ በሽታ ሲያድን አላየሁም። የማውቀውን ነገርኳት፤ ስቡ ያነሰ ነው፣ ገንቢ ነው፣ የብረት ማዕድን አለው፤ ሪህ ያለበት ሰው ግን ሥጋውንም መረቁንም ይቀንስ።

ግቢው ውስጥ ያው የድሮው ቦታ ላይ ከሰል አቀጣጠልን። የአዴን በርጩማ ከአጠገቡ አደረግኩ። ድስቱ የእሳቸው ነው፤ ሥጋውን እኔ አልቀምሰውም። ተራው የእኔ ሆነ፤ ሳልቀምስ ላበስል። አረፋውን ገፈፍኩ፣ ከሰሉን ቀነስኩ፣ ቅመሙን ጨመርኩ። አዴ መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር። ግማሽ ሰዓት ሲሆን «ይጮሃል» አሉ። ሁለት ፍም አወጣሁ። ትንሽ ቆይተው «ዝንጅብል አበዛሽ» አሉ። ከአንድ ሰዓት ከግማሽ በኋላ አንገታቸውን ቀና አድርገው አየሩን አሸተቱ። ልጃቸውና እኔ ተያየን።

«አሁን ሄደች» አሉ።

ሥጋውን ከአጥንት ለይቼ ለጥርሳቸው እንዲመች አድቅቄ ከተፍኩ፤ ስቡን ከመረቁ ላይ ገፈፍኩ፤ ሩዙን ለስለስ አድርጌ አበሰልኩት። ጨው በጣት ቆንጥሬ ብቻ ጨመርኩ፤ በጨው ፋንታ ሎሚና ቃሪያ አበዛሁበት። ሳህኑን እጃቸው ላይ አስያዝኳቸው። አንድ ጎረሱ። አላመጡ። ሁለተኛ ጎረሱ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ልቤ ይመታ ነበር።

«ጨው አንሶታል» አሉ አዴ።

«ሐኪሙ ነው ያለው» አልኳቸው።

«አቦ፣ አንቺ ዛሬም ነርስ ነሽ!» ብለው ሳቁና መብላታቸውን ቀጠሉ። ሳህኑን ጨርሰው መረቅ ጠየቁ። ልጃቸው ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

አራት ቀን ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን አዴ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ነገ እኔ ነኝ የምሠራው፤ አንቺ ዓይን ሁኚኝ» አሏት። በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ አዴ በርጩማቸው ላይ፣ ልጃቸው ምድጃው ላይ ነበሩ። «ቀንሺ! አልሰማሽም? ይጮሃል!» የሚለው ድምፃቸው እስከ በሩ ሸኘኝ።

እቤታችሁ ምግብ እምቢ ያለ አዛውንት ካለ በመጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ጥርሱም መድኃኒቱም ይታይ። ከዚያ ማድ ቤት በርጩማ አስቀምጡለት። እንደ አዴ አፍንጫና ጆሮ እያለ ባለሙያ ጡረታ አይወጣም።